ለ94 ሳንቲ ሜትር ጎታች ጀልባ የትኛው ሞተር? ጭሱስ በውሃ ወይስ በዘይት?

ቲድ_በ24፦

ጤና ይስጥልኝ። እየሠራሁ ያለሁት የቲድ ጎታች ጀልባ ሞዴል ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በየፋብሪካው ክፍል ክፍሉን እያስበየዱ፣ ኋላ አንድ ላይ ገጥመው 182 ያህል ያወጧቸው ትንንሽ የእንፋሎት ጎታቾች ናቸው። ልኬቱ 1 ለ 24 ነው፤ ርዝመቱ 94 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 21.5፣ ቀፎው ፋይበርግላስ። ገንዳ ውስጥ አስቀምጬ አሸዋ እየጨመርኩ ስለካው የውሃ መስመሩ ላይ የሚቀመጠው ጠቅላላ ክብደቱ 9 ኪሎ ሲደርስ ነው።

በእጄ ያለው፦ ባለ አራት ቅጠል 60 ሚሊ ሜትር የናስ ፕሮፔለር (በአንድ ዙር 50 ሚሊ ሜትር ይሄዳል የሚል)፣ 4 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ሻፍት ከነቱቦው፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ፣ እና ለቤት ውስጥ ፏፏቴ ማሳመሪያ የሚሸጠው ዓይነት 24 ቮልት የጉም ማውጫ።

ሞተር ገና አልገዛሁም። ሦስት ነገር አማርጫለሁ፤ ከዱባይ የሚመጣ 775 (12 ቮልት፣ 12,000 ዙር)፣ ብሩሽ አልባ 3548 ባለ 900 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ 900 ዙር)፣ ወይም ከሶማሌ ተራ የሚገኝ የመኪና ማሞቂያ ሞተር። የትኛው ይሻላል? የፍጥነት መቆጣጠሪያውስ ስንት አምፔር ይሁን? ጭሱን ደግሞ ነዳጅ ስሰጠው (የፍጥነቱን እጀታ ስገፋው ማለቴ ነው) እንዲበዛ፣ ስለቀው እንዲቀንስ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የምሞክረው ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ነው።


ክሮቼራ፦

ወንድሜ፣ ከሞተሩ አትጀምር። ከፍጥነቱና ከፕሮፔለሩ ጀምር፤ ሞተሩን ሒሳቡ ራሱ ይመርጥልሃል።

እውነተኛው ጀልባ 8 ኖት ይሄዳል ብለን እንያዝ፤ በሰከንድ 4.1 ሜትር ማለት ነው። ይህን በ24 ካካፈልከው ሞዴሉ የቆመ ይመስላል። የሚካፈለው በ24 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ4.9 ነው፤ ቀፎ የሚያስነሳው ማዕበል ከርዝመቱ ጋር የሚያያዘው በዚያ ሕግ ስለሆነ። ውጤቱ በሰከንድ 0.84 ሜትር፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ነው። ከዚያ ብዙ ካለፍክ አፍንጫው ላይ ውሃ ይከመርና ጎታችነቱ ቀርቶ የተናደደ ዳክዬ ይመስላል።

አሁን ፕሮፔለሩ። በወረቀት 50 ሚሊ ሜትር ቢልም ውሃ ውስጥ ስለሚንሸራተት እንዲህ ባለ ወፍራም ቀፎ ላይ 40 በመቶው እንደሚጠፋ ገምት፤ በዙር 30 ሚሊ ሜትር ይቀርሃል። 0.84 ሜትር ለመሄድ በሰከንድ 28 ዙር፣ በደቂቃ 1,680 ያስፈልጋል። ለመጎተትና ወደ ኋላ ለማቆም አንድ ሦስተኛ ጨምርበት፣ 2,200 በል። ብሩሽ ያለው ሞተር ጭነት ሲያርፍበት ባዶውን ከሚዞረው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ የምትፈልገው በ12 ቮልት ባዶውን 3,000 አካባቢ የሚዞር ነው። ያየኸው 775 ከዚህ አራት እጥፍ ነው።

«ፈጣን ቢሆን ምን አለበት፣ ነዳጁን ቀንሼ እነዳዋለሁ» የሚል ብዙ ሰው አለ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ፕሮፔለር የሚጠይቀው ጉልበት ከዙሩ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ የሚበላው ኃይል ደግሞ ከዙሩ ኪዩብ ጋር። ሞተሩ 60 ሚሊ ሜትር ናስ ይዞ 12,000 ሊደርስ ስለማይችል ግማሽ መንገድ ላይ ታንቆ ይቀራል። የታነቀ ሞተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ወደ ሙቀት ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ብሩሹ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ መቆጣጠሪያው ይጨሳል፤ ያኔ የጭስ ማሽን መግዛትም አያስፈልግህ። ዲያሜትሩ ደግሞ ከዙሩ የባሰ ነው፤ 60ውን በ70 ብትቀይረው በዚያው ዙር የሚፈልገው ኃይል 2.16 እጥፍ ይሆናል።

ምርጫዎችህን በተራ ልያቸው።

775 ጥሩ ነው፤ ግን 775 የሚለው ቁጥር የቆርቆሮውን መጠን እንጂ ሌላ አይነግርህም። በዚያው ቆርቆሮ ከ3,000 እስከ 20,000 ዙር የሚዞር ይሸጣል፤ ልዩነቱ ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ቅጥነትና የጥምጥሙ ብዛት ነው። ስታዝ ባዶውን የሚዞርበትን ቁጥርና በስንት ቮልት እንደተለካ አይተህ እዘዝ። 24 ቮልት 6,000 የሚለው በ12 ቮልት 3,000 ይሰጥሃል፣ ለአንተ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። 12 ቮልት 6,000ውን ብቻ ካገኘህም አትጣለው፤ ለ3ዲ ማተሚያ የሚሸጠውን ባለጥርስ ቺንጋ (ጂቲ2፣ ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር) ከባለ 20 ጥርስ ወደ ባለ 40 ጥርስ መዘውር ብታዞረው ግማሽ ይሆንልሃል። በጥርስ ማርሽ ከማዞር ይሻላል፤ ማርሽ ቀፎው ውስጥ ሲያስተጋባ ከዳር ይሰማል።

የማሞቂያው ሞተር መናቅ የለበትም፤ በውጭም የጎታች ሞዴል ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ነው። ዙሩ ዝቅተኛ፣ ጉልበቱ ብዙ፣ ከባድ ስለሆነም ለክብደት ከምትጨምረው እርሳስ ይቀንስልሃል። ከመግዛትህ በፊት ግን በ12 ቮልት በሁለቱም አቅጣጫ አዙረህ አምፔሩን ለካ። ፋን ወደ አንድ ጎን ብቻ ስለሚዞር የአንዳንዶቹ ብሩሽ ለዚያ አቅጣጫ ተጋድሞ ነው የተተከለው፤ ወደ ኋላ ሲዞሩ እሳት ይረጫሉ። ሌላው፣ ኔጌቲቩ ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘ ከሆነ ተወው። የሞተር አቅጣጫ የሚለዋውጥ መቆጣጠሪያ ከሁለቱ ጫፍ አንዱ ከሌላ ነገር ጋር ሲነካካ አይወድም።

900 ኬቪው አይሆንም፣ 12 ቮልት ላይ 10,800 ነው። 250 አካባቢ ያለው ብሩሽ አልባ በቁጥር ይስማማል፤ ግን ሴንሰር ከሌለው ከቆመበት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ጎታች ጀልባ ደግሞ ሥራው ሁሉ እዚያ ቀስታው ላይ ነው። ለዚህ ጀልባ አልመክርም።

አገጣጠሙ ላይ አትቸኩል። ሞተሩንና ሻፍቱን መጀመሪያ በክሮቼራ (በሚተጣጠፈው ማገናኛ) አታገናኛቸው። በአንድ ጫፉ 5፣ በሌላው 4 ሚሊ ሜትር የተበሳ ቀጥ ያለ የናስ ዘንግ አስጠርብ፣ ሁለቱን በእሱ ግጠምና የሞተሩን መቀመጫ በዚያ ሁኔታ ላይ እንዳለ አጣብቀው። ሙጫው ሲደርቅ ናሱን አውጥተህ ክሮቼራውን አስገባ። ልክ መሆኑን በአምፔር አረጋግጥ፦ ሞተሩ ብቻውን ሲዞር ከወሰደው፣ ሻፍቱ ተገጥሞ ያለ ውሃ ሲዞር ከ0.3 አምፔር በላይ ከጨመረ የሆነ ቦታ ጠምሟል።

የፕሮፔለሩ ግፊት ሻፍቱን ወደ ሞተሩ ስለሚገፋው የቱቦው የኋላ ጫፍ ላይ ሮንዴላ አድርግበት፣ ግፊቱ ቱቦው ላይ እንዲያርፍ። ክሮቼራው ጋ ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው። የቱቦው የውስጥ ጫፍ ከውሃ መስመሩ በላይ ካልወጣ ደግሞ ግሪስ ብቻውን ውሃ አይዝልህም።


ሽቦና_ካውያ፦

ክሮቼራ የጻፈው ላይ የምጨምረው የኤሌክትሪኩን ነው።

መቆጣጠሪያ የሚመረጠው ሞተሩ በሚሄድበት አምፔር ሳይሆን ተይዞ ሲቆም በሚወስደው ነው። ፕሮፔለሩ ላይ ሣር ሲጠመጠም የሚሆነው ያ ነው፤ ባቦጋያ ዳር ዳሩን ሣር አለ። አለካኩ ቀላል ነው። ሻፍቱን በፒንሳ ያዝ፣ 2 ቮልት ብቻ ስጠው፣ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ አምፔሩን አንብብና አቋርጥ። ለ12 ቮልት በ6 አባዛው። 2.5 ካነበብክ 15 አምፔር ነው፤ 25 ወይም 30 የሚል መቆጣጠሪያ ግዛ። በቴስተር ኦም ለክቶ ማስላት አያዋጣም፤ እንዲህ ላለ ትንሽ ቁጥር የቴስተሩ ሽቦ ራሱ ንባቡን ያበላሸዋል።

«320 አምፔር» የሚል የተለጠፈበትን ርካሽ ሣጥን ቁጥሩን አትመነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ብዙዎቹ የመኪና ናቸው፦ ወደ ኋላ ስትል መጀመሪያ ፍሬን ይይዛል፣ እጀታውን መሃል መልሰህ እንደገና ስትጎትት ነው የሚሄደው። ጀልባ ከመትከያው ግድግዳ ሊጋጭ ሲል ለዚህ ጊዜ የለም። ፍሬን የሌለው፣ ወዲያው ወደ ኋላ የሚሄድ የጀልባ ዓይነት ይሁን። ለሊቲየም የተሠራ ከሆነ የባትሪ መምረጫውን ከሊፖ አውጣው፣ አለበለዚያ ጄሉን በተሳሳተ ቮልት ላይ ይቆርጠዋል።

ፊውዝ 10 አምፔር የመኪና ቢላዋ ፊውዝ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ10 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሞተሩ ላይ ሦስት ሴራሚክ ካፓሲተር በይድ፤ 104 የሚለውን በሁለቱ ጫፎች መካከል፣ 473 የሚሉትን ሁለቱን ከእያንዳንዱ ጫፍ ወደ ቆርቆሮው። ቆርቆሮውን በሞረድ ፋቅ ፋቅ ካላደረግከው አይይዝም። «2.4 ጊጋ ሪሞት ስለሆነ አያስፈልግም» ይሉሃል፤ ሬዲዮው ቢችለውም ሰርቮው (መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ሲንቀጠቀጥ ታየዋለህ።

ሐይቅ ከመሄድህ በፊት ጀልባውን በገንዳ ኋላውን አስረህ ሙሉ ነዳጅ ሦስት ደቂቃ አስኪደው። ከ3 እስከ 5 አምፔር ብትመለከት ደህና ነው። ከ6 ካለፈ ፕሮፔለሩን ወደ 55 አውርደው፣ ሞተሩን አትቀይር። ስታቆም ቆርቆሮውን በእጅህ አምስት ሰከንድ መያዝ ካቃተህ በዝቷል። አዲስ አበባም ቢሾፍቱም ከፍታ ላይ ስለሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርና መቆጣጠሪያ ባሕር ጠለል ላይ ከሚቀዘቅዙት ባነሰ ነው የሚቀዘቅዙት፤ ስለዚህ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ ከላይ ተውለት።

ባትሪህ 7 አምፔር ሰዓት የሚባለው በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲወጣ፣ ማለትም በ0.35 አምፔር ነው። በ4 እና 5 አምፔር ያን አታገኝም። ከነጭሱ 45 ደቂቃ ብለህ አቅድ፤ ጄል ባትሪ እስከ ጥግ ሲወርድ ቶሎ ይሞታል። ከ2 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ቀፎው መሃል፣ ወለሉ ላይ፣ በቀበቶ አስረው።


ጢሰኛው፦

ጭሱን ለእኔ ተዉልኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር። የዚህ ጀልባ ጭስ እንደ ባቡር ቹፍ ቹፍ አይልም። የባቡር ሞተር የተጠቀመበትን እንፋሎት በጭስ ማውጫው ይተፋዋል፤ ይህን የመሰለ የወደብ ጎታች ግን እንፋሎቱን በኮንደንሰር ወደ ውሃ መልሶ ለማፍያው ይሰጠዋል፤ በጭስ ማውጫው የሚወጣው የእሳቱ ጭስ ብቻ ነው። በስኮትላንድ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ፓፈር ጀልባዎች ኮንደንሰር ስላልነበራቸው እየተነፈሱ ይሄዱ ነበር፤ ስማቸውንም ያገኙት ከዚያ ነው። ስለዚህ የሚሸጡትን «የሚተነፍስ» ጭስ ማሽኖች ትተህ ዝም ብሎ የሚፈስ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ከሁለት ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ የሚወፍር ጭስ ሥራ። አካፋ አድራጊው ከሰል ሲጨምር የሚሆነው እንደዚያ ነው።

ያለህ የጉም ማውጫ ይሠራል፤ ሰዎች የሚሳሳቱት ግን ጉሙ ራሱ ወደ ላይ የሚወጣ ስለሚመስላቸው ነው። ቀዝቃዛ የውሃ ጠብታ ነው፣ ከአየር ይከብዳል። ዝም ካልከው ከጭስ ማውጫው አፍ ፈሶ የመርከቡን ወለል ያረጥባል። የሚያወጣው ፋኑ ነው፤ ፋኑን ካላስተካከልክ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሣጥኑን 8 በ8 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱን 10 አድርግ፤ ክዳኑ በጎሚኒ የሚጠብቅ። ከሴራሚኩ (ጉም ማውጫው ላይ ካለው የሚንቀጠቀጥ ክብ ሳህን) ፊት በላይ ውሃው 3 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ከ4 ካለፈ ጉሙ ይደክማል፣ ከ2 በታች ከወረደ ውሃውን እየረጨ ጉም አያወጣም፣ ከዚያ ሲያንስ ሴንሰሩ ያጠፋዋል። እንዲህ ዓይነት ማውጫ በሰዓት እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይጨርሳል። 8 በ8 ሣጥን ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ 64 ሚሊ ሊትር ነው፤ ማለትም ደረጃው በ10 ደቂቃ አንድ ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። መፍትሔው ሣጥኑን ማስፋት አይምሰልህ። በሰፊ ሣጥን ውስጥ ውሃው ጀልባው ባዘነበለበት ጎን ሁሉ ይሸሽና ይገለብጠዋል፤ የዚህ ጉዳት ከስፋቱ ኪዩብ ጋር ነው የሚያድገው። በየ10 ደቂቃው በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሙላው። ሣጥኑንም ጭስ ማውጫው ውስጥ ከፍ አድርገህ አትስቀለው፤ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፣ ቱቦው ይውጣ።

ፋኑ 40 ሚሊ ሜትር ብሎወር ይሁን። ከውጭ ደረቅ አየር ወስዶ ወደ ሣጥኑ የሚነፋ መሆን አለበት። ጉሙን ስቦ የሚያወጣ አድርገህ ከገጠምከው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ውሃ ይጨርሰዋል። የሚነፋበት ቀዳዳ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከሣጥኑ ላይኛ ጥግ፣ ውሃውን የማይመታ። ሴራሚኩ መሃል ላይ እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚዘል የውሃ ምንጭ ስለሚያስነሳ ከእሱና ከመውጫው መካከል ዘንበል ያለ የፕላስቲክ መከለያ አድርግ፣ አለበለዚያ ጭስ ማውጫህ ይተፋል። የመውጫ ቱቦው 25 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከሣጥኑ እስከ አፉ ሁልጊዜ እየወጣ ይሂድ። አንድ ቦታ እንኳ ከረገበ እዚያ ውሃ ይጠራቀምና መንገዱን ይዘጋል፤ «ማሽኑ ተበላሸ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አፉ ላይ ወደ 18 ሚሊ ሜትር አጥብበው፤ ፍጥነት ይጨምርለታል። ባለ 12 ቮልቱን ፋን በ5 ቮልት ጀምር። ብዙ አየር ብዙ ጭስ አያመጣም፤ ጉሙን ያሳሳውና አየር ውስጥ ያጠፋዋል።

24 ቮልቱን ከባትሪህ ለማግኘት ቮልት ማሳደጊያ ትገጥማለህ። ማውጫው 24 ዋት አካባቢ ሲፈልግ ከ12 ቮልቱ 2.3 አምፔር ያህል ይወሰዳል፤ ማሳደጊያው በመግቢያው በኩል 5 አምፔር የሚችል፣ ማቀዝቀዣ ብረት ያለው ይሁን። ትንሿ ሰማያዊ ሰሌዳ ስትግል ታያታለህ።

ውሃው የተጣራ ይሁን፤ ለባትሪ የሚሸጠው፣ ግን አሲድ አለመሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብብ። ሙሉ በሙሉ የተጣራ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ አንዳንዱ ሴንሰር ውሃ የለም ብሎ ያጠፋል፤ ሩብ ያህል የቧንቧ ውሃ ቀላቅልበት። የሐይቁን ውሃ ቀድተህ አትጨምር። ነጭ ነገር ሴራሚኩ ላይ ሲጋገር አቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈህ በለስላሳ ብሩሽ አጥራው፣ በቢላ አትፋቀው።

የአየሩ ጠባይም ዋና ነገር ነው። በበጋ፣ በቀትር፣ በደረቅ አየር ጉሙ ከአፉ አንድ ስንዝር ሳይሄድ ይጠፋል፤ ይህን የሚያስተካክል ፋን የለም። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከዝናብ በኋላ አስኪደው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱም አይመችም።


ቲድ_በ24፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሞተሩን ባለ 24 ቮልት 6,000ውን አዝዣለሁ።

ጢሰኛው፣ የውሃው ጉም ነጭ መሆኑ ነው የከበደኝ፤ የከሰል ጭስ ጠቆር ቢል ደስ ይለኝ ነበር። በዘይት የሚሠራው ይሻላል? አንድ ሰው ነጭ ጋዝ ወይም የሕፃን ቅባት ዘይት ብታሞቅ ይበቃል አለኝ። ነዳጁን ከጭሱ ጋር ማያያዙስ?


ሽቦና_ካውያ፦

ነጭ ጋዙን እርሳው፣ ወንድሜ። ከ40 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ትነቱ እሳት ይይዛል፤ አንተ ደግሞ በተዘጋ ቀፎ ውስጥ፣ ብሩሹ እሳት ከሚረጭ ሞተር አጠገብ ልታሞቀው ነው። ናፍጣም ያው ነው። የምግብ ዘይት አይቃጠል ይሆናል፤ ግን ሽቦው ላይ እንደ ሙጫ ይጋገራል። የሕፃን ዘይቱ መሠረቱ ፓራፊን ቢሆንም ሽቶው ሲሞቅ ይመርራል፣ ክሩንም ይደፍናል። የሚሆነው ለሞዴል ባቡር የሚሸጠው የጭስ ዘይት ነው፤ ካልተገኘ ከመድኃኒት ቤት ሽታ የሌለው ንጹሕ ፈሳሽ ፓራፊን።

አሠራሩ፦ 6 በ4 በ5 ሳንቲ ሜትር የናስ ወይም የቆርቆሮ ሣጥን። ውስጡ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ዘይት። የምድጃ በር ማሸጊያ የሆነውን የፋይበርግላስ ገመድ ቆርጠህ አንድ ጫፉ ዘይቱ ውስጥ፣ ሌላው ከላይ ሆኖ፣ ላዩ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ኒክሮም ሽቦ 35 ሳንቲ ሜትር ጠምጥምበት፤ ሳይነካካ። ይህ 12 ኦም ይሆናል፣ በ12 ቮልት 1 አምፔር፣ 12 ዋት። የጥጥ የፋኖስ ክር አታድርግ፣ ዘይቱ ባለቀ ቅጽበት ይቃጠላል። ኒክሮም በካውያ አይበየድም፤ በናስ ቪቴና ዳዶ ጨብጠው። ሽቦው ከቀላ በዝቷል፣ ቮልቱን ቀንስ። ዘይቱን ማትነን እንጂ ማቃጠል አይደለም የምንፈልገው።

ፋኑ ከማሞቂያው በፊት ይነሳ፣ ማሞቂያው ከጠፋ በኋላም ግማሽ ደቂቃ ይሥራ። ማሞቂያው መስመር ላይ የሙቀት ፊውዝ ከሣጥኑ ጎን አስረህ ጨምር። የጭስ ማውጫህ ፕላስቲክ ከሆነ ውስጡን የናስ ቱቦ አልብሰው። የዘይት ጭስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ስለሆነ ቤት ውስጥ አትሞክረው፤ በረንዳም ላይ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁም።


ጢሰኛው፦

ቀለሙን በተመለከተ፣ በዘይትም ቢሆን ጥቁር አታገኝም። የሚወጣው ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ ከኋላው ዛፍ ወይም ገደል ሲኖር ይታያል፣ ሰማይ ላይ ግን ከውሃው ጉም ያነሰ ነው። በደረቅ አየር አለመጥፋቱ ነው ትልቁ ጥቅሙ። ጉዳቱ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ቅባት ነው፤ ቀለምህ ድድር ያለ ቫርኒሽ ካልተቀባ በአንድ ቀን አቧራ ይለብሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ በውሃው ብትጀምር ይሻላል። የጭስ ማውጫውን ውስጡን ጥቁር ቀባው፣ ከላይ ያለው ጉም ያን ያህል ነጭ አይመስልም።

የነዳጁ ነገር፦ ሪሞትህ ቅይጥ የሚያደርግ (አንድ እጀታ ሁለት ቻናል እንዲያዝ የሚያስችል) ከሆነ ነዳጁን ከአንድ ትርፍ ቻናል ጋር አያይዘው፣ መስመሩን እንደ ቪ ቅርጽ አድርገው። መሃል ላይ 25 በመቶ፣ ሙሉ ወደ ፊትም ሙሉ ወደ ኋላም 100። በዚያ ቻናል ላይ ወደ ፊት ብቻ የሚሠራ ትንሽ መቆጣጠሪያ፣ ከዚያ ፋኑ። የማዘግያ ምርጫ ካለው 2 ሰከንድ ስጠው፤ ያ ነው ከላይ ያልኩህ የከሰሉ መዘግየት። ፋኑ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለው የኮምፒዩተር ዓይነት ከሆነ የመቆጣጠሪያውን የተቆራረጠ ኤሌክትሪክ አይወድም፤ ይጮሃል ወይም አይነሳም። ብሩሽ ሞተር ያለው ብሎወር ፈልግ።

ቅይጥ የማያውቅ ሪሞት ከሆነ በዋይ ገመድ (አንዱን ምልክት ለሁለት በሚከፍለው) ሁለተኛ ትንሽ መቆጣጠሪያ ከነዳጁ ጋር አገናኝ። ወደ ኋላ ስትል ምልክቱ ስለሚገለበጥ በመቆጣጠሪያውና በፋኑ መካከል 1 አምፔር ብሪጅ ሬክቲፋየር አስገባ፤ 1.4 ቮልት ይበላል፣ ፋኑ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። በዚህኛው መንገድ ጀልባው ሲቆም ጭሱም ይቆማል። ለዚያ ብለህ ሁለተኛ ትንሽ ፋን የምትጨምር ከሆነ በሁለቱም ቀዳዳ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ መክደኛ አንጠልጥል፤ ካልሆነ ጉሙ በቆመው ፋን በኩል ተመልሶ ቀፎው ውስጥ፣ ሪሲቨሩ (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው) ላይ ይወርዳል።


ሽቦና_ካውያ፦

ዋይ ገመዱን ከተጠቀምክ ሁለቱም መቆጣጠሪያዎች 5 ቮልት ወደ ሪሲቨሩ ይልካሉ፤ የትንሹን ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ ነቅለህ በቴፕ ጠቅልለው። ሪሲቨሩንም ፊኛ ውስጥ አድርገህ አፉን እሰር፣ ከወለሉም ከፍ አድርገህ ስቀለው። ጉም ማውጫ ያለበት ቀፎ ውስጥ ሁሉም ነገር ይረጥባል፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ክዳኑን ከፍተህ አሳድር።


ክሮቼራ፦

ያዘዝከው 775 ሻፍቱ 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያንተ 4። ክሮቼራውን 5 ለ 4 እዘዝ፤ የሚጨብጠው ቪቴ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ያለው ይሁን። ቪቴው በሚያርፍበት የሻፍቱ ጎን ላይ በሞረድ ትንሽ ጠፍጣፋ አውጣለት፣ በክብ ላይ ብቻ የታሰረ ቪቴ ወደ ኋላ ስትል ይለቅሃል።